ብሮውዘሩ ያላዘዛችሁትን ገጽ ሲከፍት፦ ከሴቲንግ እስከ ፎርማት የቱን እንምረጥ?

ባለፈው ሰሞን አንዲት መምህርት ላፕቶፓቸውን ይዘው መጡ። ክሮምን በከፈቱ ቁጥር አንድ የማያውቁት የፍለጋ ገጽ ይመጣባቸዋል። መሃሉ ላይ የመፈለጊያ ሳጥን፣ ከሥሩ የጨዋታና የቅናሽ ዕቃ ሥዕሎች፤ ሌላ የሚታይ ችግር የለም። ከእኔ በፊት የወሰዱበት ጥገና ቤት "ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም" ብሎ ፎርማት አደረገላቸው። የሦስት ዓመት የተማሪ ውጤት፣ የልጃቸው የምረቃ ፎቶ፣ የጀመሩት የማስተርስ ጽሑፍ አብሮ ጠፋ። ቤት ገብተው ክሮም ላይ በጉግል አካውንታቸው ሲገቡ ደግሞ ያው ገጽ ቁጭ ብሎ ጠበቃቸው።

ገጹን የሚያመጣው ፒዲኤፍ እቀይራለሁ የሚል አንድ ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ብሮውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም ነበር። ኤክስቴንሽኑ አካውንታቸው ላይ ስለተመዘገበ፣ በአካውንቱ በገቡበት ክሮም ሁሉ ላይ ራሱን ይጭናል። ሃርድ ዲስኩ ቢታጠብ ቢጠረግ እሱን አይነካውም። ኤክስቴንሽኑን ለማንሣት አንድ ደቂቃ በቃ። የጠፋው ፋይል ግን አልተመለሰም።

ስለዚህ ከዚህ በታች መፍትሔዎቹን የማነጻጽረው በሁለት ጥያቄ ነው። ገጹን ከምንጩ ያነሣዋል ወይ? ሲያነሣውስ ምን ያስከፍላችኋል? ፋይል፣ የይለፍ ቃል፣ ሰዓት፣ የኢንተርኔት ፓኬጅ ሁሉም ዋጋ ነው።

ገጹ ለማን ይሠራል

እነዚህ ገጾች አብዛኞቹ ደላሎች ናቸው። የራሳቸው የፍለጋ ሞተር የላቸውም። የጻፋችሁትን ቃል ተቀብለው በራሳቸው አድራሻ ያሳልፉትና ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ያሁ ወይም ቢንግ ያደርሷችኋል። በመሃል ከማስታወቂያው ኮሚሽናቸውን ይቆርጣሉ። ጉዳቱ ከመሰላቸት ያልፋል። ዲቪ በሚሞላበት ወቅት በእንዲህ ያለ ገጽ "ዲቪ" ብሎ የሚፈልግ ሰው ከላይ የሚያገኘው ገንዘብ የተከፈለበትን ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ መንግሥት ትክክለኛ አድራሻ "ነጥብ ጎቭ" ብሎ እንደሚያልቅ ያላወቀ ሰው ፎቶውንና የፓስፖርት ቁጥሩን ለማን እንደሰጠ ሳያውቅ ይቀራል። እኔን የሚያሳስበኝ ይኼ ነው።

አመጣጣቸው በአብዛኛው ከሌላ ሶፍትዌር ጋር ታሽገው ነው። ይህን የሚያደርጉት አጭበርባሪዎች ብቻ አይደሉም። የኦራክል ጃቫ ለዓመታት ሲጫን የአስክ ቱልባርን አብሮ ያቀርብ ነበር፤ ሳጥኑ አስቀድሞ ምልክት ተደርጎበት። ብዙዎቻችን የምናውቀው ሃኦ 123 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 ቻይና ውስጥ አንድ የኢንተርኔት ካፌ ሠራተኛ አድራሻ መተየብ ለሚከብዳቸው ደንበኞች ያዘጋጀው የአድራሻ ዝርዝር ነበር። በ2004 የቻይናው የፍለጋ ድርጅት ባይዱ ገዛው። ከዚያ በኋላ ከሌላ ሶፍትዌር ጋር ተለጥፎ ሳይጠሩት በየኮምፒውተሩ ሲገባ አይተናል። ክራክ የተደረገ (ፈቃዱ የተሰበረ) ሶፍትዌር የሚጭን ሰው ጋ ደግሞ ከዚህ የባሰው ይመጣል።

ያልወደዳችሁት ገጽ ሁሉ ግን ሰርጎ የገባ ነው ማለት አይደለም። ኤጅ ሲከፈት የሚመጣው በዜና የተሞላ ገጽ የማይክሮሶፍት የራሱ ነው፣ ከሴቲንግ ይጠፋል። ሆቴል ወይም ካፌ ውስጥ ዋይፋይ ስትይዙ የሚከፈተው የመግቢያ ገጽም ከዋይፋዩ ስትወጡ ይቀራል። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ የመሥሪያ ቤቱ ገጽ የሚከፈት ከሆነ ደግሞ አይቲ ክፍሉ ያደረገው ስለሆነ አትንኩት፤ ከፈለጋችሁ እነሱን ጠይቁ።

ከመምረጣችሁ በፊት የአምስት ደቂቃ ፈተና

ክሮም ውስጥ ሦስቷን ነጥብ ተጭናችሁ ሴቲንግ፣ ከዚያ "ኦን ስታርትአፕ" የሚለውን ክፈቱ። አዲስ ታብ እንዲከፍት አድርጉ። ክሮምን ሙሉ በሙሉ ዘግታችሁ እንደገና ክፈቱ፤ ከዚያም ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጋችሁ ድገሙት። ገጹ መቼ እንደተመለሰ ልብ በሉ።

ጨርሶ ካልተመለሰ ጉዳዩ አልቋል። ዴስክቶፕ ላይ ባለው ምልክት ስትከፍቱ ብቻ የሚመጣና ከስታርት ሜኑ ስትከፍቱ የማይመጣ ከሆነ የተበላሸው ሾርትከቱ (ክሮምን የሚከፍተው ምልክት) ነው። ሲከፈት ደህና ሆኖ አዲስ ታብ ስትጨምሩ ብቅ የሚል ከሆነ ኤክስቴንሽንን ጠርጥሩ። ከሪስታርት በኋላ የሚመለስ ከሆነ ወይም ክሮምም ፋየርፎክስም ኤጅም ላይ አንድ ዓይነት ገጽ ከመጣ፣ ዊንዶውሱ ውስጥ የተቀመጠ ፕሮግራም አለ። ሴቲንጉ ደብዝዞ አልቀየር ካለና ሦስቷ ነጥብ ሥር "ማኔጅድ ባይ ዩር ኦርጋናይዜሽን" የሚል ጽሑፍ በግል ኮምፒውተራችሁ ላይ ካያችሁ ደግሞ አንድ ነገር ራሱን እንደ አለቃ ሹሞ ፖሊሲ፣ ማለትም ሴቲንጉን የሚቆልፍ ትእዛዝ አስቀምጧል።

አንድ ተጨማሪ ዘዴ አለኝ። የመገለጫ (ፕሮፋይል) ምልክታችሁን ተጭናችሁ የእንግዳ መስኮት ክፈቱ፤ "ጌስት" ይለዋል። በእሱ ውስጥ የእናንተ ኤክስቴንሽንም ሆነ ሴቲንግ የለም። እዚያ ስትፈልጉ ደህና ከሆነ ችግሩ የእናንተ መገለጫ ላይ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። እዚያም ወደዚያው ገጽ ከወሰዳችሁ ምንጩ ከብሮውዘሩ ውጭ ነው። ይህን ያወቀ ሰው ከዚህ በታች ካሉት ስድስት መፍትሔዎች ብዙዎቹን ሳይሞክር መተው ይችላል።

በእጅ ማስተካከል

ዋጋው ዜሮ ነው፤ ፋይል አይነካም፣ ኢንተርኔት አይበላም። ቢሆንም "ሞክሬው ነበር፣ ተመለሰ" የሚሉኝ ሰዎች ብዙዎቹ ከአራቱ ቦታ አንዱን ብቻ ነው ያስተካከሉት። ሲከፈት የሚመጣው ገጽ አንድ ነው። የቤት ምልክቷን ስትጫኑ የሚመጣው ሌላ ነው። አዲስ ታብ ሌላ ነው። አድራሻ መጻፊያው ላይ ቃል ስትጽፉ የሚፈልግላችሁ ሞተርም ራሱን የቻለ ሌላ ነው። ሴቲንግ ውስጥ "ሰርች ኤንጅን" ገብታችሁ ጉግልን ወይም የምትወዱትን ነባሪ አድርጉ፤ ከዝርዝሩ ውስጥ የማታውቁትን አጥፉ። ዝርዝሩ ውስጥ ከቀረ በስህተት መልሶ መምረጥ ቀላል ነው።

አምስተኛው ቦታ ሾርትከቱ ነው፤ እዚህ ብዙ ሰው ስለማያይ ጠጋ ብለን እንየው። ዴስክቶፕ ላይ ያለውን የክሮም ምልክት በቀኝ ክሊክ ተጭናችሁ ፕሮፐርቲስ ክፈቱ። "ታርጌት" ከሚለው ሳጥን ውስጥ ገብታችሁ በኪቦርዱ "ኤንድ" ቁልፍ እስከ መጨረሻው ሂዱ፤ ሳጥኑ ጠባብ ስለሆነ ጭራው አይታይም። መስመሩ ክሮም ነጥብ ኢኤክስኢ በሚለውና በትምህርተ ጥቅሱ መዝጊያ ማለቅ አለበት። ከጥቅሱ በኋላ ኤችቲቲፒ ብሎ የሚጀምር አድራሻ ካለ ሌባው እሱ ነው፤ ከጥቅሱ ወዲያ ያለውን አጥፍታችሁ ኦኬ በሉ። በሁለት ሰረዝ ጀምሮ "ፕሮፋይል ዳይሬክተሪ" የሚል ነገር ካያችሁ ግን ተዉት፤ ከአንድ በላይ መገለጫ ያለው ክሮም ራሱ የሚጽፈው ነው። ታስክባር ላይ ያለው ምልክት ለብቻው ሾርትከት አለው። እሱን በቀኝ ክሊክ ተጫኑ፤ በሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ጉግል ክሮም የሚለውን ስም እንደገና በቀኝ ክሊክ ብትጫኑት ፕሮፐርቲስ ይመጣል።

ኤክስቴንሽን ማንሣት ወይስ ሪሴት?

ሁለቱ ለአንድ ዓይነት ችግር ናቸው፤ ልዩነቱ ጥፋተኛውን ማወቃችሁና አለማወቃችሁ ላይ ነው። ካወቃችሁት ኤክስቴንሽኑን ብቻ አንሡ። ካላወቃችሁት ሁሉንም አጥፉና አንድ በአንድ እያበራችሁ ሞክሩ። አምስት ስድስት ከሆኑ ይህ ከሪሴት ይሻላል፤ ሃያ ከሆኑ ሪሴቱ ይቀላል። ሲንክ (ሴቲንግና ኤክስቴንሽንን በአካውንቱ በኩል የሚያመሳስለው) የሚሠራ ከሆነ ኤክስቴንሽኑ ያው አካውንት ካለበት ኮምፒውተር ሁሉ ላይ መጥፋቱን አረጋግጡ። የመምህርቷን ላፕቶፕ ያየሁ ጊዜ ከትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይም ማንሣት ነበረብን።

የክሮም ሪሴት ስሙ ያስፈራል እንጂ ብዙ አይነጥቅም። ቡክማርክ፣ የቆየ ታሪክና የተቀመጠ የይለፍ ቃል አይነካም። መነሻ ገጹን፣ አዲስ ታቡን፣ የፍለጋ ሞተሩንና የተሰኩ ታቦችን ወደ መጀመሪያው ይመልሳል፤ ኤክስቴንሽኖችን ያጠፋል፤ ኩኪዎችን ያጸዳል። ስለዚህ ኢሜይልና ሌሎች አካውንቶች እንደገና መግቢያ ይጠይቋችኋል። ሰዎችን የምመክረው አንድ ነገር ነው፦ ሪሴት ከማድረጋችሁ በፊት የኢሜይላችሁን የይለፍ ቃል እንደምታስታውሱና የማረጋገጫ ኮድ የሚላክበት ስልክ ቁጥር አሁንም እጃችሁ ላይ እንዳለ አረጋግጡ። ከሪሴቱ በኋላ ኤክስቴንሽኖቹ ጠፍተው እንጂ ተነሥተው እንዳልሆነ አትርሱ፤ ገብታችሁ የማትፈልጉትን ሰርዙ። ኤጅም ተመሳሳይ ሪሴት አለው።

የፋየርፎክሱን ግን ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። አድራሻው ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል "አባውት" ብላችሁ ሁለት ነጥብ ጨምራችሁ "ሰፖርት" ብትጽፉ (about:support) "ሪፍሬሽ ፋየርፎክስ" የሚል ቁልፍ ታገኛላችሁ። አዲስ መገለጫ ፈጥሮ ቡክማርክ፣ የይለፍ ቃል፣ ታሪክና ኩኪ ያሻግራል፤ ኤክስቴንሽኖችን ይተዋል። የድሮውን መገለጫ ደግሞ ዴስክቶፕ ላይ "ኦልድ ፋየርፎክስ ዳታ" በሚል ፎልደር ያስቀምጥላችኋል። የጎደለ ነገር ቢገኝ የምትመለሱበት አለ ማለት ነው። አንድ ሁለት ሳምንት ሳታጠፉት ቆዩ።

የማጽጃ ፕሮግራም

ፈተናው ምንጩ ከብሮውዘሩ ውጭ መሆኑን ካሳያችሁ ሪሴት ላይ ጊዜ አታጥፉ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ የተጫኑ ፕሮግራሞችን ዝርዝር በተጫኑበት ቀን አስተካክሉና ችግሩ በጀመረበት ሰሞን የገባውን የማታውቁትን አንሡ። ከዚያ ወደ ማጽጃ ሂዱ።

የድሮ መመሪያዎች ክሮም ውስጥ "ክሊን አፕ ኮምፒውተር" የሚል ማጽጃ እንዳለ ይነግሯችኋል። ጉግል በ2023 ከክሮም 111 ጀምሮ አንሥቶታል፤ አትድከሙ። ዛሬ ያሉት ጥሩ ምርጫዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ራሱ ያለው ዲፌንደር ነው። ምንም አያስወርድም። "አፕ ኤንድ ብራውዘር ኮንትሮል" ውስጥ "ፖቴንሻሊ አንዎንትድ አፕ ብሎኪንግ" የሚለው መብራቱን እዩ። ሳይታዘዙ የሚገቡ ፕሮግራሞችን የሚከለክለው እሱ ነው። አልነቀል ላለ ነገር ደግሞ "ኦፍላይን ስካን" አለ፤ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጎ ዊንዶውስ ሳይነሣ ወደ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈትሻል። የተከፈተ ሥራ ካላችሁ አስቀድማችሁ ሴቭ አድርጉ።

ሁለተኛው አድወክሊነር ነው። ከ2016 ጀምሮ የማልዌርባይትስ፣ የጸረ ቫይረስ ኩባንያው ንብረት የሆነ ነፃ ፕሮግራም ሲሆን መጫን አያስፈልገውም። ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ ከሌላ ኮምፒውተር በፍላሽ ይዞ መምጣት ይቻላል፤ ፓኬጅ ለሚቆጥብ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለዚህ ችግር ብቻ ቢሆን እኔ መጀመሪያ የማነሣው እሱን ነው፤ ምክንያቱም የተሠራው ለእንዲህ ያሉ ሰርጎ ገቦች ነው። ሴቲንጉ ውስጥ "ሪሴት ክሮም ፖሊሲስ" የሚል ምርጫ አለው፤ ያንን "ማኔጅድ" የሚለውን የሐሰት አለቃ በእጅ ሬጅስትሪ (የዊንዶውስ የሴቲንግ መዝገብ) ውስጥ ገብታችሁ ከመፈለግ ያድናችኋል። ያገኘውን ወዲያው አያጠፋም፣ ኳራንቲን (ለብቻው ማግለያ) ያስገባል፤ የሚያስፈልግ ነገር ቢወሰድ መመለስ ይቻላል። ሦስተኛው ሙሉው ማልዌርባይትስ ነው። ከበድ ያለ ነው፣ የበለጠ ይወርዳል፣ ሰፋ አድርጎ ይፈትሻል። ሁለቱ ካልበቁ ወይም ክራክ ሶፍትዌር ከጫናችሁ በኋላ ችግሩ ከጀመረ እሱን ጨምሩ።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለምናችሁ ነገር አለ። ማጽጃውን በዚያው በተበላሸው ብሮውዘር አትፈልጉ። ደላላው ገጽ "ነፃ ማጽጃ" ብሎ የሚያመጣላችሁ ራሱ ሌላ ደላላ ሊሆን ይችላል፤ አንዱን ለማስወጣት ሌላ ሦስት አስገብተው የመጡ ሰዎች አጋጥመውኛል። በስልካችሁ የአምራቹን አድራሻ አረጋግጡና ኮምፒውተሩ ላይ ሙሉውን በእጃችሁ ጻፉት። ሲጭን "ኤክስፕረስ" እና "ከስተም" የሚል ምርጫ የሚያቀርብ ሶፍትዌር ሁሉ ላይ ከስተምን ምረጡ፤ አብረው የሚመጡት እንግዶች ምልክት የሚነሣው እዚያ ነው።

ብሮውዘሩን አንሥቶ መጫን ወይም መቀየር

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ይህን ነው፤ በእኔ ግምት ግን ከስድስቱ ደካማው ነው። ክሮም ሲነሣ "የብሮውዚንግ ዳታዬንም አጥፋ" የሚለውን ሳጥን ካልመረጣችሁ መገለጫው ባለበት ይቆያል፤ እንደገና ሲጫን የድሮው ሴቲንግ ይጠብቀዋል። ብትመርጡትም ሲንኩ መልሶ ያመጣዋል። ምንጩ ዊንዶውስ ውስጥ ከሆነ ጭራሽ አይነካውም። ወደ ኤጅ ወይም ፋየርፎክስ የምትሸጋገሩ ከሆነ "ሁሉንም ከክሮም አምጣ" የሚለውን አትቀበሉ። ቡክማርክና የይለፍ ቃል ይበቃል።

አንድ ሁኔታ ላይ ግን መቀየሩ ትክክል ነው። ዊንዶውስ 7 ያለው ኮምፒውተር ላይ ክሮም በ109ኛው ቅጂ ቆሟል፤ ከ2023 መጀመሪያ ወዲህ አዲስ የለውም። እዚያ ፋየርፎክስ 115 ኢኤስአር፣ ማለትም ረዘም ላለ ጊዜ የሚደገፈው ቅጂ ይሻላል።

ፎርማት

አይደረግ አልልም። ማጽጃዎቹን ሁለት ዙር አስኪዳችሁ ከተመለሰ፣ ኮምፒውተሩ ከማን እጅ እንደመጣ የማታውቁት ያገለገለ ከሆነ፣ ወይም የባንክና የኢሜይል አካውንት ላይ እንግዳ እንቅስቃሴ ካያችሁ ተገቢ ነው። ያኔ ግን ከባለሙያው በፊት የዊንዶውስን "ሪሴት ዚስ ፒሲ" ሞክሩ። "ኪፕ ማይ ፋይልስ" ብትሉ ፋይላችሁን ትቶ ፕሮግራሞቹንና ሴቲንጉን ብቻ ያነሣል። ቀጥሎ ከክላውድ ወይስ ከኮምፒውተሩ ይጫን ብሎ ይጠይቃል። ክላውዱ ከ4 ጊጋባይት በላይ ሊያወርድ ስለሚችል ፓኬጅ የሌለው ሰው "ሎካል" ይበል።

ሙሉ ፎርማት ከሆነ ፋይሉን በሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ፤ "እኛ እናስቀምጥልሃለን" በሚል ቃል ብቻ አትለፉት። ሰነዶቻችሁ በድሮ የግዕዝ ፎንት የተተየቡ ከሆነ ፎንቶቹንና እንደ ፓወር ግዕዝ ያለውን መተየቢያ መጫኛ አብራችሁ ያዙ። አለበለዚያ የቆየው ደብዳቤ ሁሉ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። የሚጫንላችሁ ዊንዶውስ ክራክ የተደረገ መሆኑንም ጠይቁ። የተባረረው ነገር በዚያ በኩል ተመልሶ ሊገባ ይችላል።

ስልክ ላይ ነገሩ ይቀላል። አንድሮይድ ላይ የክሮም ሴቲንግ ውስጥ "ሆምፔጅ" የሚለውን አስተካክሉ፤ ብሮውዘር ሳትከፍቱ በየመሃሉ ገጽ የሚከፈት ከሆነ በቅርብ የጫናችሁትን አፕ አንሡ። ማስታወቂያው እንደ መልእክት ከላይ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ አንድ ቦታ "አላው" ብላችኋል፤ የድረ ገጽ ኖቲፊኬሽን ፈቃዶቹን አጥፉ።

ሁሉም ከጸዳ በኋላ በቦታው ምን እናድርግ የሚለው ይቀራል። "ካቆምኩበት ቀጥል" የሚለው ለጽሑፍ ሥራ ይመቻል፤ ግን የተውናቸውን ታቦች ስለሚመልስ ፓኬጅ ይበላል፤ ያ ሰርጎ ገብ ገጽ ከታቦቹ አንዱ ሆኖ ከነበረም መልሶ ይከፍተዋል። የተወሰነ ገጽ መምረጥ በየቀኑ አንድ ቦታ ለሚገባ ሰው ጥሩ ነው። ለመምህርቷ አዲስ ታብን መረጥንላቸው። ከመፈለጊያ ሳጥኑ በቀር ባዶ ሊባል ስለሚችል ሌላ ነገር ቢመጣበት ያን ጊዜውኑ ያውቁታል። ከሳምንት በኋላ ደውዬ ስጠይቃቸው ባዶው ገጽ ባዶ እንደሆነ ነበር፤ የማስተርስ ጽሑፋቸውን ደግሞ ለአማካሪያቸው በኢሜይል ከላኩት የቆየ ቅጂ ላይ ተነሥተው መጻፍ ጀምረዋል።